ጭስ የሌለው እሳት

ከዳቦ ምድጃ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይተው በብርድ የሚንቀጠቀጡ ሴት ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ምድጃውን ከባለቤታቸው ጋር ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት፣ ዕድሜያቸውንም የፈጁት በምድጃው ፊት ነው። በመጨረሻ ግን ጎባ ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም ጭስ አጠገባቸው እንዳይደርስ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ እሳት ማየት ቀረባቸው። እኔን ወደ ቤታቸው ያስገባኝ ሻጋታ ስለሆነ ታሪካቸውን ከሻጋታው ልጀምር።

ሮቤ በባሌ ሜዳ ላይ የተዘረጋች የስንዴ ከተማ ናት። መከር ሲደርስ ኮምባይነሮች ከሩቅ እየመጡ ማሳውን ያጭዱታል፤ ፍሬው በማዳበሪያ ከረጢት ይጫናል፣ ገለባው በመስመር ተኝቶ ይቀራል። ከብት ያለው ሰው ሰብስቦ ይከምረዋል። ዝናብ የቀደመው ገለባ ግን ከሥሩ ይበሰብሳል፤ ይሻግታል፣ ከብት አሽትቶ ይተወዋል። ይህን የበሰበሰውን ገለባ ሰው ወደ አጥር ጥግ ገፍቶ ይረሳዋል።

ያን ጊዜ የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ ሮቤ ከተመደብኩ ብዙ አልቆየሁም። ማስረዳት እወዳለሁ። አንድ ነገር ያልገባው ሰው ሳይ አላስችል ይለኛል። አሥራ አንደኛ ክፍል ስለ ስኳር ዓይነቶች ሳስተምር ጠመኔዬን እያወዛወዝኩ፣ «ድንች ስኳር ነው፤ ስንዴ ስኳር ነው፤ ገለባም፣ እንጨትም፣ እጃችሁ ላይ ያለው ደብተር ሳይቀር ከስኳር የተሠራ ነው» አልኩ።

«ቲቸር» አለ ከመሐል አንዱ፣ «እንግዲያው ደብተሬን ሻይ ውስጥ ልንከረው?»

«የሱ ደብተር አይጣፍጥም፤ ውጤቱን አይተነዋል!» አለው ከጎኑ ያለው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ጋብ ሲል ከኋላ ወንበር አንዲት ሒጃብ የለበሰች ልጅ እጇን አወጣች። «በሬ ገለባ በልቶ ይወፍራል። እኛ ለምን አንችልም?»

መልሱን ሰሌዳ ላይ ሣልኩት። ገለባ ውስጥ ያለው ስኳር እንደ ዶቃ በረጅም ክር የተሰካ ነው፤ የኛ ሆድ ያንን ክር መበጠስ አይችልም። በሬውም ራሱ አይበጥሰውም፤ በሆዱ የሚኖሩ ደቂቅ ነፍሳት ይበጥሱለታል። ሻጋታ ደግሞ ሆድ የለውም። ስለዚህ ምግቡን የሚፈጨው ከሰውነቱ ውጭ ነው። ኢንዛይም የሚባሉ መቁረጫዎችን ወደ ገለባው ያፈሳል፤ ክሩ ሲበጠስ ዶቃዎቹ ይፈታሉ፤ ያን ጊዜ ስኳሩን ይመጠዋል። ሰዎች ይህን አይተው ከሻጋታ ኢንዛይሙን እየወሰዱ፣ ተረፈ ምርትን ወደ ስኳር፣ ስኳሩንም ወደ ነዳጅ የሚለውጡበት መንገድ እንዳለ ጨምሬ ነገርኳቸው።

«ያ ነዳጅ ጭስ አለው?» አለች ልጅቷ።

«የለውም ማለት ይቻላል። እሳቱ ሰማያዊ ነው።»

ጻፈችው። ሰኞ ጠዋት በፌስታል የበሰበሰ ገለባ ቋጥራ መጣች። ገለባው እንደ ራሰ ወረቀት ልሟል፤ ላዩ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። «ይሄኛው ጎበዝ ይመስለኛል፤ ከክምሩ ሥር በልቶ የጨረሰው እሱ ነው» አለችኝ።

ትጉ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ተደሰትኩ። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ሥራው ሁለት ዓይነት ሙቀት ይፈልጋል። ሻጋታው ሲያድግ ለብ ያለ ቦታ ይበቃዋል። ኢንዛይሙ ገለባውን ሲቆርጥ ግን እጅ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚችለው ዓይነት ሙቀት፣ ያውም ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ያስፈልጋል። ሮቤ ደግሞ ብርዷ የታወቀ ነው፤ መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጠዋት ስንገባ ትንፋሻችን ይታያል።

«የአባቴ ዳቦ ቤት አለ» አለች ልጅቷ። «ምድጃው አናት ላይ ድመታችን አትተኛም፤ ይፈጃታል። ጎኑ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። እቃችንን ከድመቷ ትንሽ ከፍ አድርገን እናስቀምጠው።»

ከዚህ የተሻለ ቴርሞሜትር አልነበረንም። ሄድን።

አባቷን ከተማው ሁሉ «ሀጂ» ይላቸዋል። ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ፊት ለፊት፣ ከባንኮኒው ኋላ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርታ፣ ባርሲስቱ?» አሉኝ። ባርሲስቱ መምህርት ማለት ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

«ናጋ፣ ሀጂ። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ይቺ ልጅ ገለባ ስኳር ይሆናል ትለኛለች። ወላሂ፣ እንዲያ ከሆነማ ስኳር ፍለጋ ምን ያሰልፈናል?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ለማስረዳት ተመቻቸሁ። «ሀጂ፣ እጅዎ ላይ ያለው የሙስባሃ ክር ቢበጠስ ዶቃዎቹ ምን ይሆናሉ?»

እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ይበተናሉ። ግን አይበጠስም፤ ከመካ ነው ያመጣሁት።»

«ምሳሌ ነው እኮ።»

«ምሳሌሽን ባንገትሽ ሐብል አድርጊው፣ ልጄ!»

ሰልፈኛው እንደገና ሳቀ። ሐብሌን አውጥቼ ዶቃ በዶቃ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ስኳር ሐላል ነው» አሉ በመጨረሻ። «አስቀምጡ። ሻጋታ ግን ዳቦ ቤቴ ደጃፍ አይረግጥም። ሰው ምን ይላል?»

ሻጋታው ትምህርት ቤት እንደሚቀር፣ ወደ እሳቸው የሚመጣው ተጣርቶ የወጣ ውሃ ብቻ መሆኑን ቃል ገባሁ። እሳቸውም ልጃቸውን፣ «መምህርትሽን ለእናትሽ አሳያት። ሻይ ሳትጠጣ እንዳትሄድ» አሏት።

የእናቲቱ ክፍል ከምድጃው ጀርባ ነበር። ከዚህ በር ወዲያ ጭስ እንዳያልፍ የበሩ ሥር በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ብርድ ልብስ ደራርበው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ግቢ ልጄ፣ ቶሎ ዝጊው» አሉ። «ብርዱም ጭሱም የሚገባው በአንድ በር ነው።»

«እንደምን ነዎት፣ እማማ? ሳሉ እንዴት ነው?»

«ሰው ሁሉ ሳሌን ነው የሚጠይቀኝ» አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ሌላውን ከመጀመራቸው በፊት ማረፍ ነበረባቸው። «ሳሉን ለምጄዋለሁ። እሳት ነው የናፈቀኝ። ያንን ታያለሽ?» ጥግ ላይ ወዳለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በአገጫቸው ጠቆሙ። «መብራት ሲኖር ሽቦው ይቀላል። መቅላት ብቻ! አያወራም፣ አይወዛወዝም። እሱን አቅፎ መቀመጥ ፎቶ አቅፎ እንደ መቀመጥ ነው።»

ከግድግዳው ማዶ የምድጃው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል። እሳቸው ድምፁን እየተከተሉ፣ «አሁን አወጣ፤ አሁን ጨመረ፤ ይሄኛው እንጨት እርጥብ ነው» ይላሉ። ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ክፍል ውስጥ «ጭስ አለው?» ያለችበት ምክንያት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ በረንዳው ላይ አቆመችኝ። «ሐኪሙ ደረቷ እየጠበበ ነው ብሎናል፤ ይድናል አላለም። አንድ ጊዜ አዮ እሳት አጠገብ እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ቲቸር።»

አዮ እናቷ ናት።

ሥራ ጀመርን። የበሰበሰውን ገለባ በመቀስ ከተፍን፤ በአመድ ውሃ ቀቀልነው። ገለባ ስኳሩን እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዝ ጠንካራ ነገር አለው፤ አመዱ ያንን ያላላዋል። ከዚያ እጃችን ላይ መሙለጭለጩን እስኪተው አጠብነው። ሻጋታውን በቤተ ሙከራው ጥግ፣ አምፖል በገባበት ካርቶን ውስጥ እርጥብ ፉርሽካ ላይ አሳደግነው። ብናኙ ለደረት መጥፎ ስለሆነ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነበር የምንከፍተው፤ ልጅቷ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት እጇንና ፊቷን ሳትታጠብ፣ ሒጃቧንም ሳትቀይር ወጥታ አታውቅም። ፉርሽካው አረንጓዴ ሲሆን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን በንጹሕ ነጠላ ደጋግመን አጠለልነው። ሻይ የመሰለ ውሃ ወጣ። መቁረጫዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ይህን ውሃና የታጠበውን ገለባ ከደሎ መና ማር በሚመጣባቸው ሰፋፊ ማሰሮዎች ቀላቅለን፣ አሽገን፣ ምድጃው ጎን ላይ ደረደርን። ድመቷ ለጥቂት ጊዜ ተቆጥታ ራቀች፤ ከዚያ ማሰሮዎቹን ተደግፋ መተኛት ጀመረች።

የመጀመሪያው አልሆነም። ረፋዱ ላይ ምድጃው ሲነድ ማሰሮዎቹ ከልክ በላይ ጋሉ፤ ኢንዛይም ደግሞ እንደ እንቁላል ነው፣ አንዴ ከበሰለ አይመለስም። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ከትምህርት በፊትም በኋላም እየመጣች፣ እሳቱ ሲበረታ ታርቃቸዋለች፣ ሲደክም ታስጠጋቸዋለች። እናቷ ከግድግዳው ማዶ የምድጃውን በር ድምፅ እየሰሙ፣ «አሁን አርቂው! አሁን መልሺው!» እያሉ ይጮሁላታል። በሳል የተቋረጠ ጩኸት ነበር፤ ግን ደስታ ነበረበት።

አንድ ቀን ከማሰሮው ጥቂት ቀድተን ትምህርት ቤት ወሰድንና ስኳር በሚፈተሽበት ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጨምረን አሞቅነው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ፤ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀላ። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የመፈተሻውን ብልቃጥ ጨብጣ ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ሀጂ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። «ቀላ። ይሄ ስኳር ነው?»

«ስኳር ነው፣ አባ! ከገለባ!»

«ማሻ አላህ። ማሻ አላህ።» ለሰልፈኛው ከፍ አድርገው አሳዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ከዚህ ወዲያስ፣ ባርሲስቱ?»

ስጠየቅ ደስ ይለኛል። ስኳሩ ላይ እርሾ እንደሚጨመር፣ እርሾው ስኳሩን ሲበላ አልኮል እንደሚሠራ፣ አልኮሉ በሙቀት ተኖ ሲጠራቀም ነዳጅ እንደሚሆን በደንብ፣ በቅደም ተከተል አስረዳሁ።

«አረቄ ነው እንዴ?» አለ ከሰልፉ አንዱ።

ሀጂ ሙስባሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ተነሥተው ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ከምድጃው ጎን አወረዱ። አልወረወሩም፤ አንዱንም አላፈሰሱም። እያንዳንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ደረደሩ።

«አክብሬሻለሁ» አሉኝ ሲጨርሱ። «ልጄንም አስተምሪያት። ግን በዚህ ምድጃ ሙቀት ኸምር አይወጣም። አንቺም» ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ «ከዚህ ወዲያ እጅሽን እንዳታስገቢ።»

ከኋላቸው በትልቁ ገበቴ የነገው ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር። እርሾ ሊጥ ውስጥም የሚሠራው ያንኑ ነው። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ሰልፉን አየሁ፣ ከሀጂ ዳቦ በልቶ ያደገውን ሰው ሁሉ አየሁ፣ ዋጥኩት። ማሰሮዎቹን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ከትምህርት ቤቱ በር ጠበቀችኝና፣ «አዮ ነይ ብላሻለች» አለችኝ።

ስገባ ሀጂ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠዋል። እናቲቱ ከበፊቱ ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ነቅቷል።

«ተቀመጪ። ምስክር እንድትሆኚ ነው የጠራሁሽ» አሉኝና ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሀጂ፣ ሊጡ አድሮ ኩፍ ሲል ክዳኑን ስታነሣ አፍንጫህን የሚመታህ ምንድን ነው?»

«እርሾ ነዋ።»

«እርሾው ምን ሲሠራ አድሮ?»

ሀጂ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ይሄን የነገርሻት?»

«ወላሂ አላልኩም!» አልኩ፤ ወላሂ ማለት ከሮቤ የተማርኩት ነው።

«ማንም አልነገረኝም» አሉ እናቲቱ። «ካንተ ጋር ስኖር አፍንጫ ነበረኝ። ሲጋገር በእሳት ይጠፋል ትለኛለህ። የልጅህም በእሳት ሊጠፋ ነው የሚሠራው። ማን ሊጠጣው? እኔ ልጠጣው? በዚህ ደረቴ ሰክሬ ሮቤ ጎዳና ላይ ልዘፍንልህ?» ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ልጅቷ ደግፋ ያዘቻቸው። ሳሉ ሲለቃቸው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «እሳት ነው የለመንኩህ፣ ሀጂ። ሌላ ነገር ለምኜህ አውቃለሁ?»

ሀጂ ሙስባሃቸውን ጥቂት ቆጠሩ። «እጠይቃለሁ» አሉና ወጡ።

የጠየቁት ሼሃቸውን ነው። መልሱን ይዘው ራሳቸው ትምህርት ቤታችን በር ድረስ መጡ፤ ጥበቃው ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም።

«ሼሁ ብዙ ጠየቁኝ» አሉ። «ማን ይጠጣዋል አሉኝ፤ ማንም አልኩ። ማን ያረጋግጣል አሉኝ፤ እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እንግዲህ የተፈቀደውን ስሚኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰው ወደ አፉ የማያደርሰው ነገር ይሁን። እስከ ስኳሩ እኔ ቤት፤ ከስኳሩ ወዲያ ምድጃዬ አጠገብ አይድረስ። ለመቃጠል ብቻ ለእናቷ ክፍል ይግባ። እኔ ግን በእጄ አልነካውም።»

«ምን ብንጨምርበት ነው ሰው የማይጠጣው?» አልኩ።

«ኮሶ» አለች ልጅቷ ወዲያው።

ሀጂ ማሰሮዎቹን ካወጡበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ኮሶ የገባበትንማ ሰካራምም አይነካው።»

የኮሶ ዛፍ ወደ ዲንሾ ሲወጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይታያል። የደረቀ አበባውን ገበያ ላይ ገዛን። እኔን ግን አንድ ነገር አስጨነቀኝ፤ ኮሶ የሆድ ትል የሚገድል መድኃኒት ነው፣ እርሾውንስ ቢገድልብን? ልጅቷ ጠየቀችኝ። «አላውቅም» አልኳት። ማስረዳት ለሚወድ ሰው ይህ ቃል ከኮሶ አይተናነስም።

ስኳሩ እንደ ውሉ በሀጂ ምድጃ ጎን እንደገና ተዘጋጀ። ትምህርት ቤት ወስደን በጠርሙስ ገለበጥነው፤ መጀመሪያ የኮሶውን ውሃ፣ ቀጥሎ እርሾውን ጨመርን። በጠርሙሱ አፍ ላይ ፊኛ አሰርን። እርሾው ከሠራ አየር ይወጣል፤ ፊኛው ይነፋል። ጠርሙሱን በጋቢዬ ጠቅልለን ጥግ አስቀመጥነው። ፊኛው በማግሥቱም እንደ ባዶ ካልሲ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጅቷ በየእረፍቱ እየመጣች ታየዋለች። የእናቷ ሕመም ጸንቶ ነበር፤ ጎባ ተወስደው ተመልሰዋል። ከዚያ በአንድ ጠዋት ቤተ ሙከራውን ስከፍት ፊኛው አጋድሎ፣ ግን ቆሞ አገኘሁት። እስከ መጀመሪያው ደወል አልጠበቅኩም፤ ክፍሏ ድረስ ሄጄ በመስኮት ጠራኋት።

በሻይ ማንቆርቆሪያ አፈላነው። እንፋሎቱ በላስቲክ ቱቦ በሮቤ ቀዝቃዛ ውሃ መሐል እያለፈ ጠብ ይላል። መራራው ነገር ማንቆርቆሪያው ውስጥ ስለሚቀር፣ ለሀጂ ቃል ስንል ጠብታውን የምንቀበልበት ብርጭቆ ውስጥ ሌላ ኮሶ ነሰነስን። ደግመን አፈላነው፤ ደግመንም ነሰነስንበት። አንድ ከረጢት ሙሉ ገለባ፣ የዚያ ሁሉ ጊዜ ድካም ተጠራቅሞ የሻይ ብርጭቆ አልሞላም።

ልጅቷ ብርጭቆውን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ አሰላች። በኛ አሠራር የእናቷን ክፍል አንድ ክረምት ለማሞቅ በሮቤ ዙሪያ ያለው የሲናና ወረዳ ገለባ ሁሉ ላይበቃ ነው።

«እኛ በአመድና በድመት ስለሠራን ነው» ብዬ ጀመርኩ። «በፋብሪካ ግን ሻጋታው ተመርጦ፣ ሙቀቱ ተለክቶ…»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለች፤ ሰሌዳውን በእጅጌዋ እያጠፋች። «ፋብሪካው እስኪመጣ አዮ አትጠብቅም። ለአንድ ጊዜ ይበቃል። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት።»

በዕለተ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ሄድን። ፈሳሹን አጥልለን በአዲስ የቆርቆሮ ኩራዝ ጨምረናል። ልጅቷ ከሽቦ ባለሦስት እግር ማስቀመጫ ሠርታ፣ በላዩ ትንሽ ስኒ ወተት አስቀመጠች። ሀጂ በሩ ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው ወደ ኋላ ተቆላልፏል።

ልጅቷ ክብሪት ጫረች።

«የታለ?» አሉ እናቲቱ። እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም። መጋረጃውን ሳብኩ፤ ያን ጊዜ ሰማያዊው ነበልባል በጨለማው ውስጥ ብቅ አለ።

እናቲቱ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«ጭስ የሌለው እሳት ጂን የተፈጠረበት ነው» አሉ ሀጂ ከበሩ ላይ፣ በቀስታ።

«እንግዲያው ጂኑ እንግዳዬ ነው፤ አትቆጣብኝ» አሉ እናቲቱ። «አውርዱኝ።»

ደግፈን ከአልጋው አወረድናቸው። ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ሐኪም ከከለከላቸው ቀን ጀምሮ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ፊታቸውን አስጠጉ። ጠበቅን። ሳል አልመጣም። እንባም አልመጣም። ብርሃኑ ጉንጫቸው ላይ ይወዛወዛል፤ እሳቸው ደግሞ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እንደ ድሮ ጎረቤት ያነጋግሩታል። ምን እንዳሉት አልሰማሁም።

ነበልባሉ ትንሽ ዝቅ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሳት ዝቅ ሲል የሚያደርጉትን አንድ ነገር ያውቃሉ። ጎንበስ አሉ፤ ያላቸውን ትንፋሽ ሰበሰቡ፤ እፍ አሉት።

ጠፋ።

ክፍሉ ጨለመ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ የእናቲቱ ሳቅ መጣ። «እፍ ስለው ይነሣ ነበር እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ እፍ ስለው ነበር የሚነሣው!»

ልጅቷ ክብሪት ፈለገች። አንዱ ተሰበረ። ሌላው ተጭሮ ጠፋ። ከበሩ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሀጂ ጎንበስ ብለው ክብሪቱን ከእጇ ወሰዱ፣ ጫሩ፣ በመዳፋቸው ከልለው ክሩ ላይ አደረሱት፤ በሌላ እጃቸው ኩራዙን ደግፈው ያዙ። ሰማያዊው ተመለሰ። ወደ በሩ አልተመለሱም፤ ከሚስታቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

እንዲያ ሆነው ትንሽ ቆዩ። ነዳጁ ብዙ አልነበረም። ነበልባሉ ጠበበ፣ ክሩ ጫፍ ላይ አንድ ዶቃ አከለ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ሄደ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። እናቲቱ ስኒውን አንሥተው ከወተቱ ፉት አሉ።

«ሞቋል» አሉ።

ለባላቸው ሰጧቸው። ሀጂ ቢስሚላህ ብለው ቀመሱ፤ ስኒውን ትንሽ ይዘው ቆዩ። «ሞቋል» አሉ። ለልጃቸው ሰጧት። ልጅቷ ጠጥታ ዓይኗን ሳታነሣ ለእኔ አቀበለችኝ።

ወተቱ የሮቤን ብርድ እንኳ በቅጡ አልለቀቀም ነበር። ለምን እንዳልሞቀ፣ ስንት ነዳጅ ቢኖረን እንደሚሞቅ፣ ሙቀቱ ወዴት እንደሄደ ሰሌዳ ሳያስፈልገኝ ማስረዳት እችል ነበር። ሦስቱም ያዩኛል።

«ሞቋል» አልኩ፤ ስኒውንም በሁለት እጄ ይዤ ጨረስኩት።